በጆሮ ደግፍ ላይ እንቅርት

አባባሉ የሚታወቀው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ተብሎ ነው። እኔ ዘንድ የመጣው ተገልብጦ ነው። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ስነሣ የግራ ጆሮዬ ሥር አብጦ አገኘሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ጆሮ ደግፍ ይይዘዋል ብዬ ስላላሰብኩ፣ ባለቤቴ በሞቀ ጨው ስታሸኝ ዝም ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ ባጃጅ ይዤ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ጆሮ ደግፍ አልነበረም። ለዓመታት ችላ ያልኩት መንጋጋ ጥርሴ ነበር ያመረቀዘው። ጥርሱ ተነቀለ፣ መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ እብጠቱም በሳምንቱ ጠፋ። ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ያላለቀው አልትራሳውንድ የሚያነሡት ባለሙያ የጆሮዬን ሥር አይተው ከጨረሱ በኋላ መሣሪያውን ሳያነሡ ቁልቁል ወደ ጉሮሮዬ ስላንሸራተቱት ነው። ለምን እንዳንሸራተቱት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ልማድ ይመስለኛል። እኔም በጀልባ እንግዳ ይዤ ክብራን ገብርኤልን ካሳየሁ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጣቴን ወደ ጎረቤቱ ደሴት ወደ እንጦስ እየሱስ መቀሰሬ አይቀርም።

እጃቸው ቆመ። መሣሪያውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሱት፣ ጫን አደረጉት፣ «ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ምራቅዎን አይዋጡ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ጣሪያ እያየሁ አሳለፍኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን በኋላ ቃል በቃል ሸመደድኩት፦ በግራው የታይሮይድ ክንፍ መካከል 7 ሚሊ ሜትር የሆነች እባጭ፤ ጥቁር፣ ጠርዟ ያልተስተካከለ፣ ከወርዷ ቁመቷ የሚበልጥ፣ ውስጧ የአሸዋ ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ያሉባት። ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ይህን ሁሉ ቅጽል መሸከሟ አስገረመኝ።

በሳምንቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰች እባጭ፣ መልኳ ቢያጠራጥርም እንኳ፣ ከጉሮሮ ክልል ያልወጣች እስከሆነች ድረስ በመርፌ ባትነካ እንደሚሻል የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መምከሩን ያነበብኩት ከተወጋሁ በኋላ ነው። አሁን ሳስበው ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ አንዴ የታወቀ ነገር እንዳልታወቀ ሊሆን አይችልም። ውጤቱ «ፓፒላሪ ካርሲኖማ» ይላል፤ የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ነው። ወረቀቱን የሰጠኝ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ታይሮይድ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት መብራት ማብራት ጀመረች።

ዕጢ እና ዕጢ

በአማርኛችን ዕጢ ጤነኛውም ነው፣ በሽታውም ነው። «ታይሮይድ ዕጢዬ ላይ ዕጢ ተገኘ» ብዬ ለታናሽ ወንድሜ ስነግረው፣ «ስንት ነው ታዲያ፣ ሁለት?» አለኝ። ሴኡል ለትምህርት ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ አማርኛው እዚያ የጠፋበት መስሎት ደነገጠ። አልጠፋበትም። ቋንቋው ነው መለየት ያልፈለገው።

ጤነኛዋ ዕጢ ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ የተቀመጠች ናት። የሰውነታችንን ፍጥነት የምትወስን እርሷ ናት፤ የልብን ምት፣ ሙቀቱን፣ እንቅልፉን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከኋላዋ የሚያልፈው ነገር ነበር። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄድ ክር የመሰለ ነርቭ አለ። ቀጥታ አይሄድም። የግራው ከአንገት ወርዶ ደረት ውስጥ ይገባል፣ ከልብ የሚወጣውን ታላቅ የደም ሥር በታች ዞሮ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ወርዶ ጎጃምን ከዞረ በኋላ ወደ ሱዳን እንደሚታጠፈው ማለት ነው። ቀዶ ሐኪም ታይሮይድን ሲያወጣ የሚጠነቀቀው ይህን ነርቭ እንዳይነካ ነው። ከተነካ ድምፅ ይጎረናል፤ አንዳንዴ ለጊዜው፣ አንዳንዴ ለዘለቄታው።

ሃያ አራት ዓመት በጣና ላይ እንግዳ ያስጎበኘሁት በዚህ ጉሮሮ ነው። ከፊት ሞተር ሲያጓራ፣ ከኋላ ማዕበል ሲመታ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው እየጮኹ የደሴቶቹን ታሪክ ማውራት ነው ሥራዬ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን መቅደሱን ስንዞር ደግሞ ያው ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ እንኳ ሌላ ሙያ አልለመድኩም።

የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኔን የሳበኝ ግን ከሽልማቱ በፊት የሆነው ነው። ሙሉ ዕጢያቸውን ያወጣላቸውን ሕሙማን ከዓመታት በኋላ ጠርቶ ሲያያቸው፣ ብዙዎቹ ፊታቸው አብጦ፣ አእምሯቸው ዝሎ፣ እንቅስቃሴያቸው ተጎትቶ አገኛቸው። ይህንንም ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሙያ ባልደረቦቹ ተናገረ። የራሱን ጥሩ ሥራ ጉዳት በራሱ አንደበት የሚናገር ሐኪም እስከ ዛሬ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።

ዛሬ ለዚያ ክኒን አለው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ሌቮታይሮክሲን የተባለውን መድኃኒት በየማለዳው በባዶ ሆድ ይወስዳል፣ ቁርስም ቡናም ከመቅመሱ በፊት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ዕድሜ ልክ። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ የዘጌ ልጅ ናትና፣ ካንሰሩን ትታ ቡናው ላይ ቆመች። «ተነሥቶ ቡና ሳይጠጣ አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ታመመ እንጂ ዳነ ይባላል?» አለች። ቀጥላም ጾሙን አነሣች። ክኒኑ ባዶ ሆድ ስለሚወድ ከጾመኛ ጋር ይስማማል ብዬ ቀለድኩ። «ለሚቆርብ ሰውስ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። ይህንን ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሐኪም የምጠይቀው አልመሰለኝም ነበር።

ከሴኡል የመጣው መርፌ

ወንድሜ በሁለተኛው ቀን የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላከልኝ። አንዲት ኮሪያዊት አልጋ ላይ ተንጋላ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ዓይኗ ተከፍቷል። ሐኪሙ በአንድ እጁ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ፣ በሌላው ቀጭን መርፌ ይዟል። መርፌው ጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል በቀር በሽፋን የተጠቀለለ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ያህል ድግግሞሽ ያለው የኤሌክትሪክ ጅረት ይላክበታል፤ ጅረቱ በጫፉ ዙሪያ ያሉትን የሕዋሳት ፈሳሾች ያንቀጠቅጣቸዋል፣ መንቀጥቀጡም ሙቀት ይወልዳል። ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርስ ሥጋው ልክ ድስት ላይ እንዳለ የእንቁላል ነጭ ይረጋል። አይቆረጥም፣ አይወጣም። በቦታው ይሞታል፣ ከዚያም ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያጸዳዋል።

ደጋግሜ ያየሁት ግን ከማቃጠሉ በፊት ያለውን ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ማደንዘዣ ወጋ። ቀጥሎ በዕጢውና በነርቩ መካከል ግሉኮስ፣ ያው ሆስፒታል ውስጥ በክንዳችን የሚንጠለጠለውን ስኳር ውኃ፣ በመርፌ ጨመረ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ኩሬ ተፈጠረ፤ ነርቩ ከእሳቱ ራቀ። ለምን የጨው ውኃ እንደማይሆን ወንድሜ ጠይቆ ነገረኝ። ጨው ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የስኳሩ አያስተላልፍም። ይህን ሳነብ ሳላውቀው ሳቅሁ። በሐይቅ ላይ ለኖረ ሰው ደሴትን ከየብስ በውኃ መለየት የሚገባ ነገር ነው።

መርፌው ሲሞቅ በጫፉ ዙሪያ ነጭ ደመና ይነሣል፤ የእንፋሎት አረፋ ነው። ሐኪሙ ደመናው ሲነሣ ጫፉን ጥቂት ያፈገፍገዋል፣ እንደገና ሌላ ደመና፣ እንደገና ማፈግፈግ። መርፌውን አንድ ቦታ ተክሎ ከመጠበቅ ይልቅ እንዲህ እያንቀሳቀሱ ጥቂት በጥቂት ማቃጠልን ካስፋፉት አንዱ የኮሪያው የራዲዮሎጂ ሐኪም ቤክ ጁንግ ሁዋን ነው። ጣሊያኖች ይህንኑ በሌዘር ሞክረውታል፣ ቻይናዎች በማይክሮዌቭ ብዙ ሠርተውበታል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሙቀትን በመርፌ ቀዳዳ አስገብቶ በሽታውን ብቻ ማብሰል።

በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሐኪሙ አንድ ነገር አላት፣ ሴትየዋም መለሰች። ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳመጥኩ። ወንድሜ ሲተረጉምልኝ «ስምዎን ይንገሩኝ» ነበር ያላት። እየተቃጠለች ስሟን ትናገራለች፤ ድምፅዋ ከጎረነነ ሐኪሙ ማሞቁን አቁሞ ቀዝቃዛ የስኳር ውኃ ይጨምራል። የተፈወስኩት ያኔ ነበር ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ በልቤ። ድምፁን እያዳመጡለት የሚያክሙት ሰው መሆን ፈለግሁ። የሆስፒታሉ ዋጋ፣ ቪዛው፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት አንድ ላይ ተደምሮ ጀልባዬን እንደሚበላ ባውቅም፣ በልቤ ሸጫት ነበር።

ወንድሜ ጥናትም ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። በዚሁ ዘዴ የታከሙ 84 እባጮች ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎባቸዋል። ሁሉም ጠፍተዋል፣ በተቃጠሉበት ቦታም አልተመለሱም። ጥቂት ሰዎች በሌላው የዕጢያቸው ክፍል አዲስ እባጭ አብቅለዋል፣ እርሱንም እንደገና በመርፌ አቃጥለውላቸዋል። ከዚህ ጋር ሐኪሞቹ የማይደብቁት አንድ ጉድለት አለ። በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ ተቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተቃጠለ ዕጢ ግን የሚመረመር ነገር አይተውም። የእሳት ልጅ አመድ። ወደ ጎረቤት ንፍፊቶች የሾለከ ነገር መኖሩን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም፤ በአልትራሳውንድ መጠበቅ ነው።

የእናቴ አንገት

የወሰንኩት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ወንድሜ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከሴኡል እያወራ፣ እኔ ጀልባዋን ማን እንደሚገዛ እያሰላሁ ነበር። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ ጠየቀች።

«ምን ያደርጉታል ነው የሚለው?»

«በመርፌ ገብተው በሙቀት ያቃጥሉታል።»

«ይተኩሱታል በለኛ።»

ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ ሳቀ። «እማዬ፣ መተኮስ አይደለም፣ ዘመናዊ ነው» አላት። እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገችና አንገቷን ወደ እኔ አቀረበች። «እስቲ እዚህ ላይ ንካ» አለችኝ።

እናቴ አንገት ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ የዘመኗ ሴቶች ጌጥ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ጠይቄም አላውቅም። ለቱሪስቶች ጭምር እንዲያ ብዬ አስረድቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጣቴን ስጭን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መስመር መካከል ቆዳው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ክቦች አገኘሁ።

«የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለች። «ለእንቅርት ነው። የማጭድ ጫፍ አግለው። አባቴ እጄን ያዘ፣ አጎቴ እግሬን። ንቅሳቱ የመጣው ኋላ ነው፤ ልዳር ስል ጠባሳው እንዳይታይ።»

«ጠፋልሽ?»

«እንቅርቱ? ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።» ሲኒውን አነሣች። «እናቴ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምራ ተኛች። ቀድሞ በየሌሊቱ ኩራዝ አብርታ አንገቴን እየዳበሰች ታለቅስ ነበር።»

ከዚያ ቡናዋን ጠጣች፣ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ። እኔ ግን ከኩራዙ ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ የምታበራውን መብራት አስታወስኩ። እንደምተኛ መስሏት እጇን አንገቴ ላይ ስታሳርፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ወንድሜ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። አለቃዬ የነበሩ አንድ አዛውንት «እስከ መቼ ተሸክመኸው ትሄዳለህ?» ይሉኛል። ሰባት ሚሊ ሜትር የምታህለው ነገር እኔን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም፤ እንቅልፍ የነሣችው ሌላውን ሰው ነው። ሴኡል ሄጄ የማስተኩሰው ማንን ለማስተኛት ነው?

ፍርዱ ልክ አለመሆኑን አውቃለሁ። የማጭዱ እሳት ቆዳን ጠብሶ እንቅርቱን አልነካም፤ የሴኡሉ መርፌ ግን በእርግጥ ዕጢውን ይገድላል፣ ለዚያውም በሚሊ ሜትር ተለክቶ። እናቴን ያሳመማት ነገር መድኃኒቱም ሌላ ነበር፤ ጨው ውስጥ የሚጨመር አዮዲን። ጣና ዳር ተወልዶ ዓሣ እየበሉ ማደግ አይበቃም፣ የሐይቅ ዓሣ እንደ ባሕር ዓሣ አዮዲን የለውም። አገሪቱ የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እናቴ ያኔ ሰባዎቹን ይዛ ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ጥያቄው ግን ከዚያ አልተነቃነቀም። መርፌው ይሠራል ወይ የሚለውን ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። ሳልጠይቅ የቀረሁት፣ ምንም ባላደርግስ የሚለውን ነበር።

ወረፋ ላይ ያገኘኋት ሴት

ሁለተኛ ሐሳብ ለመጠየቅ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከአጠገቤ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ በኩል ነው የመጡት። አንገታቸው ላይ ያለው ነገር የሁለት ሰው ጡጫ ያህላል። ሲናገሩ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፣ ሲተኙም ትንፋሽ ያጥራቸዋል አለኝ ልጁ። ሐኪሞቹ ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀር ነግረዋቸዋል።

ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ ያንኑ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሳይቀደድ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይህ ለእናቴ ይሆናል?»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ አልኩትም። ለካንሰር ሲሆን ይህ መርፌ በመጀመሪያ ደረጃ የታሰበው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ለማትበልጥ፣ ከዕጢው ሽፋን ላልወጣች፣ ንፍፊት ላልነካች፣ የአየር ቧንቧና ነርቭ ላይ ላልተደገፈች እባጭ ነው። ተቆርጦላቸው ካንሰሩ አንገታቸው ላይ ለተመለሰባቸውና ዳግም ቀዶ ሕክምና ለማይችሉም ይውላል። ለእኚህ እናት ግን ቢላዋው ነው፣ ምናልባት ከዚያ በኋላ ጨረር ያለው አዮዲን። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ እናቱ ምን እንዳልኩ ሲጠይቁትም «ሌላ ነገር ነው» አላቸው።

እዚያ ወንበር ላይ ያፈርኩትን ያህል ሌላ ጊዜ አፍሬ አላውቅም። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው እንደ እርሳቸው ነው፣ ድምፅ ከጠፋ በኋላ። መርፌው የሚመርጣቸው ደግሞ በአጋጣሚ፣ በበሰበሰ ጥርስ ሰበብ የተገኙ እንደ እኔ ያሉትን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቻችን ደግሞ ባይነኩን ምንም የማንሆን ነን። ሕክምናው ግሩም መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን ግሩምነቱ የሚታየው አደጋው ከሁሉ ያነሰ በሆነበት በሽታ ላይ ነው፣ ይህ ደግሞ እንደ ብልሃት ሳይሆን እንደ ስላቅ ተሰማኝ። ሐሳቤ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። ያኔ ግን የልጁ ፊት ፊቴ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አነጠፈ

ያገኘሁት ቀዶ ሐኪም ነው። ዕንጀራው መቁረጥ የሆነ ሰው እንዳልቆረጥ ይመክረኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርጋታ አነበባቸው፣ ራሱም በአልትራሳውንድ አየኝ። ከዚያ «ሦስት መንገድ አለዎት» አለኝ። ግማሹን ዕጢ ማውጣት፤ ሙሉው አያስፈልግም። በሙቀት ማቃጠል፤ ቦታዋ መካከል ላይ ስለሆነች ይመቻል። ወይም በየስድስት ወሩ እየመጡ መለካት።

«ካንሰርን መለካት?» አልኩት።

ያኔ ስለ ጃፓኗ ከተማ ስለ ኮቤ ነገረኝ። እዚያ ኩማ በሚባል ሆስፒታል ሐኪሙ ሚያውቺ አኪራ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲህ ያሉ ትናንሽ ካንሰሮችን ሳይቆርጡ በክትትል ብቻ ማቆየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የ1,235 ሰዎችን ውጤት አወጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ ያህል ናቸው፤ ወደ ንፍፊት የሄደባቸው 3.8 በመቶ። በታይሮይድ ካንሰር የሞተ ሰው አልነበረም። ካደገ ያኔ ይቆረጣል። ወጣቶች ላይ በርትቶ ይታያል፣ ከ60 በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ይተኛል፤ እኔ መካከል ላይ ነኝ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፊንላንድ ውስጥ በሌላ ምክንያት የሞቱ 101 ሰዎችን ታይሮይድ በቀጫጭኑ ቆራርጠው ሲያዩ፣ ከሦስት ሰው ከአንድ በሚበልጠው ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ጥቃቅን ካንሰር አግኝተዋል። ሰዎቹ ሳያውቁት አብረውት ኖረው ነው የሞቱት።

ኮሪያንም ከዚህ በኋላ በሌላ ዓይን አየኋት። እዚያ አልትራሳውንድ በየመንደሩ ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር መጠን በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆኗል። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ40,000 በላይ ሰዎች ካንሰር አለባችሁ ተብለዋል። በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሐኪሞች ይህንን እ.ኤ.አ. በ2014 በአደባባይ ካወጡት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የታይሮይድ ቀዶ ሕክምናው በሲሶ ወረደ። መርፌው እንዲህ የተካነው በዚያው አገር መሆኑ አይገርምም። ቢላዋውን የሸሸ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ያቃተው ሰው በሺህ የሚቆጠርበት አገር ነው። ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት አገር ሰዎች ላይ አልፈርድም፤ ከእነርሱ አንዱ እኔ ለመሆን አንድ ቲኬት ነበር የቀረኝ።

«እርስዎ ቢሆኑስ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኩት። ሐኪሙ ጥቂት አሰበና፣ ባለቤቱ እንደ እኔ ባለቤት ከሆነች ያቃጥለው እንደነበር፣ ብቻውን ቢኖር ግን እንደሚለካ ነገረኝ። ስለ ባለቤቴ አንዲት ቃል ሳልነግረው ነው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሲያያት ጊዜ ገብቶት መሆን አለበት።

ስንወጣ በአባይ ማዶ ወዳለው ሰፈራችን በእግር ሄድን። ድልድዩ መካከል ላይ ቆመን ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ እያየን ሁሉንም ነገርኳት፤ ማጭዱን፣ ኩራዙን፣ መብራቷን ጭምር። እንደማልተኛ አውቃ ኖሯል። «አንተም አልተኛህማ» አለች። ለስድስት ወር እንሞክረው ተባባልን፤ ሌሊት መብራት እንዳይበራ፣ እጅም አንገት ላይ እንዳያርፍ። መብራቱን ጠበቀች። እጁን አልጠበቀችም።

ባለፈው መስከረም ሁለተኛውን ልኬት ተለካሁ። ሐኪሙ አንዴ 7 አለ፣ እንደገና ለክቶ 6.8፣ ሦስተኛ ለክቶ 7.1። «ይህ የእጄ ልዩነት ነው» ብሎ 7 ብሎ ጻፈ። በማግስቱ እሑድ ስምንት እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው ያጓራ ነበር፣ እኔም እንደ ወትሮዬ ጮህኩ። ማታ ለእናቴ ስደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ተኮሱህ?» የሚል ነበር። አልተኮሱኝም አልኳት። «እሺ፣ ቆይ እንይ» አለች።

ፓስፖርቴን ግን ባለፈው ወር አሳድሻለሁ።